ጨጓራ ተቆርጦ ከሃያ ዓመት በኋላ

መካነ ሰላም ውስጥ "ወፈርሽ" ማለት ስድብ አይደለም። ዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ የሄደች ልጅ ገና ከመኪና ስትወርድ "ወፈር ብለሻል፣ አገሩ ተስማምቶሻል" ከተባለች ምርቃት ነው። የሚያስፈራው ሌላው ነው። "ምነው ከሳሽ? ታመምሽ እንዴ?" ከተባለች ማታ ቡናው ሲፈላ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ጤና ይሆናል። ከመካከላችን ቤተሰቦቻቸው የቦረና፣ የከላላና የወግዲ ሰዎች የሆኑ ስላሉ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል።

ታዲያ ከዚያው ቤተሰብ የወጣች፣ አዲስ አበባ የምትኖር ዘመዳችን "ቱርክ ሄጄ ጨጓራዬን ላስቆርጥ ነው" አለች። መካነ ሰላም ያሉት አክስታችን በስልክ ሲሰሙ መጀመሪያ ካንሰር መስሏቸው አለቀሱ። ለመክሳት መሆኑ ሲነገራቸው ለቅሶውን ትተው ዝም አሉ። ቆይተው "እሺ፣ ኋላስ? ከዓመታት በኋላስ እንዴት ትሆኛለሽ?" ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው የሐኪም ይመስላል። እኛ ግን ባነበብን ቁጥር የታሪክ ጥያቄ ሆነብን። የዚህ ቀዶ ጥገና ታሪክ ከሞላ ጎደል "ኋላስ?" የሚለው ጥያቄ እየዘገየ የተመለሰበት ታሪክ ነው። የወሎ ረሃብ ታሪክም ከዚህ አይለይም።

ካሜራው ከሄደ በኋላ

የወሎ ሰው መክሳትን የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ቅድመ አያቶቻችን "ክፉ ቀን" ያሉት ዘመን በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘልቋል። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገባ የሚባለው የደስታ በሽታ በሬውን ፈጀው፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ሰውም ተከተለ። ከዚያ የ66ቱ መጣ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ያቀረበው ፊልም መንግሥት የሸሸገውን ረሃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የ77ቱን ሁሉም ያውቀዋል። ደርግ መስከረም ላይ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት አከበረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያጠናቀረው ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ።

መካነ ሰላም በነዚህ ምስሎች ውስጥ የለችም። ካሜራ አስፋልት ይከተላል፤ አስፋልቱ ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን ነበር። ከደሴ ወደ ምዕራብ በለጋምቦ ደጋ አድርጎ ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት፣ ከዚያም ወደ አባይ በረሃ አፋፍ የሚወስደው መንገድ የውጭ ጋዜጠኛ መንገድ አልነበረም። የዚህ ደጋ ሰው ግን መክሳት ምን ማለት እንደሆነ ለመማር ኮረም መድረስ አላስፈለገውም። ለጋምቦንና ተንታን የመሰሉ ደጋዎች በበልግ ዝናብ የሚያርሱ ናቸው። በልግ ሲቀር የሰው ፊት ይቀየራል። ሰፈራውም አለ። ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲያሰፍር ከሁሉም የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር።

እኛን የገረመን የሟቾቹ ቁጥር አይደለም፤ እሱ ብዙ ተጽፎበታል። የገረመን የተረፉት ናቸው። እህሉ ተከፋፈለ፣ ዘፈኑ ተዘፈነ፣ ካሜራው ሄደ። ከሞት የተረፈው ሕፃን ከአሥር ዓመት በኋላ እንዴት ሆነ ብሎ ሚዛንና ሜትር ይዞ የተመለሰ ግን ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠሮች የተሰበሰበ መረጃ ይዘው፣ ረሃቡ ሲበረታ ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ የነበራቸውን ልጆች ሃያ ዓመት ያህል ቆይተው ሲለኳቸው፣ ረሃቡ የጎዳቸው ከታላላቆቻቸው ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከረሃቡ ሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በራያ ቆቦ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ረሃቡ በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ያገኛቸው ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ግፊት፣ የስኳርና የወገብ ስፋት ችግሮች ተደራርበው የሚታዩባቸው በብዛት መሆኑ ተጽፏል።

ይህ መጀመሪያ የታየው ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ናዚዎች እህል ስለከለከሏቸው ሆላንዶች ተራቡ። ከዓመታት በኋላ ወደ 300,000 የሚጠጉ የ19 ዓመት ወጣት ወንዶች መዝገብ ሲመረመር፣ ረሃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ያገኛቸው ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ ወፍረው ተገኙ። ረሃብ ያሳለፈ ሰውነት እህል ሲያገኝ ያከማቻል። ስለዚህ "የድሮ ሰው ቀጭን ነበር፣ እናንተ ስንፍና አወፈራችሁ" የሚለው የሰፈር ፍርድ ብዙ አይዋጥልንም። የ2008ቱ (እ.ኤ.አ. 2016) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነው። ሁለቱም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውፍረቱ ከአገር አቀፉ አማካይ በብዙ ይበልጣል።

ማሳጠር፣ ማሰር፣ መቁረጥ

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው። ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ነው። (እግረ መንገዳችንን፣ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ ያቆየው ዝነኛ ሙከራ የተካሄደውም በዚያው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሰዎቹ ከክብደታቸው ይልቅ ምግብን ከማሰብ መላቀቅ አቅቷቸው ነበር ያስቸገሩት።) እ.ኤ.አ. በ1954 ክሬመንና ሊነር የተባሉ ሐኪሞች አንጀት ቢያጥር ምግቡ ሳይመጠጥ ያልፋል የሚል ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። በሚቀጥሉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኛው ትንሹ አንጀታቸው ከመንገድ እንዲወጣ ተደረገ። ሰዎቹ ከሱ። ኋላስ? ማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከዚያም የጉበት መድከም መጣ። የሞቱ አሉ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሐኪሞች ሥራውን እየተዉ፣ የሠሩትንም መልሰው እየቀጠሉ ነበር።

ኤድዋርድ ሜሰን የተባለው የአዮዋ ሐኪም ሌላ መንገድ አየ። ለጨጓራ ቁስለት ሲባል ከፊል ጨጓራቸው የወጣላቸው ሴቶች ቀጥነው እንደሚቀሩ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የጨጓራውን አናት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኘው፤ ዛሬ ባይፓስ የምንለው ማለት ነው። ሜሰን በእኛ ግምት ከሁሉም የሚመሰገነው በቢላዋው ሳይሆን በመዝገቡ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ታካሚዎች ተመዝግበው ለዓመታት ይከታተሉ እያለ ሲወተውት ኖሯል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስም የእኛ ነው፤ እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ነው በቅጡ ያነበብነው። ዶክተር ምትኩ በላቸው ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸው እረኛ የነበሩ፣ ኋላ ቤልጂየም ተምረው ቀዶ ሐኪም የሆኑ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 ሁይ በምትባል ትንሽ የቤልጂየም ከተማ ሆድ ሳይከፈት፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ፣ የሚጠብቅና የሚላላ የሲሊኮን ቀለበት በጨጓራ አናት ላይ በማሰር በዓለም የመጀመሪያው ሆኑ። ከኢትዮጵያ ደጋ የወጣ እረኛ ጠግበው ለተቸገሩ አውሮፓውያን የጨጓራ ማሰሪያ አሰረ! ልብ ወለድ ቢሆን ተጋነነ እንል ነበር።

ቀለበቱ ምንም ስለማይቆርጥ፣ ሲያስፈልግም ስለሚወጣ፣ ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ፈቀደችው። ለተወሰኑ ዓመታት ከዓለም ተፈላጊዎቹ ቀዶ ጥገናዎች አንዱ ሆነ። ኋላስ? በ1990ዎቹ አጋማሽ ብራሰልስ ውስጥ ቀለበት ከታሰረላቸው ሰዎች 82ቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ቆይተው ሲመረመሩ ግማሽ ያህሉ ቀለበቱ ወጥቶላቸዋል፤ ከመቶ ስድሳው እንደገና ቀዶ ጥገና አስፈልጓቸዋል። ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ይገባል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ፤ የቀለበቱም ተፈላጊነት ቀስ በቀስ ቀነሰ። ይህ የዶክተር ምትኩን ሥራ አያሳንሰውም፤ ሆድን ሳይከፍቱ በዚህ መስክ መሥራት እንደሚቻል ያሳዩ ናቸው። ያው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያልጠበቀ ሰው ይህን ማወቅ አይችልም ነበር።

ዛሬ በብዛት የሚሠራው "ስሊቭ" የሚባለው ነው። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ገደማው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የሚያህል ቱቦ ይቀራል። የተቆረጠው አይመለስም። ዘመዳችን ያሰበችውም ይህንን ነው።

ስዊድኖች የቆጠሩት

ነገሩን በፍርሃት ብቻ ማውራት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ቀዶ ጥገናው ይሠራል። ይህን የምናውቀው በስዊድኖች ትዕግሥት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ 4,047 ወፋፍራም ሰዎችን መዝግበው፣ ግማሽ ያህሉን ቀዶ ጥገና አድርገው ለቀሩት የተለመደውን ሕክምና ሰጥተው፣ ይኸው እስካሁን ይከታተሏቸዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ባይፓስ የተደረገላቸው ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ቀንሰው ቆይተዋል፤ ያልተደረገላቸው ከነበሩበት ፈቀቅ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት ቀዶ ጥገና ያደረጉት ካላደረጉት በአማካይ 3 ዓመት ይበልጥ ይኖራሉ። ሆኖም ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ አሁንም 5 ዓመት ተኩል ያህል ይጎድላቸዋል። የስኳር በሽታው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በሁለተኛው ዓመት ከመቶ 72ቱ ከስኳር ተገላግለው ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ዓመት የቀሩት ከመቶ 30 ገደማ ናቸው።

በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ መሞት የብዙዎች የመጀመሪያ ፍርሃት ነው። በጥሩ ሆስፒታሎች ግን አደጋው ትንሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በሠላሳ ቀን ውስጥ የሞቱትን ከሺህ ሦስት አድርጎ ቆጥሯል። እኛን የሚያሳስበን ከሠላሳው ቀን በኋላ ያለው ነው። ፀጉር ይረግፋል፣ ደግነቱ ይመለሳል። በፍጥነት የከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ይይዘዋል። ባይፓስ የተደረገለት ሰው ጣፋጭ ሲበላ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ይዝላል። ስሊቭ ያደረገ ደግሞ ቃር ሊብስበት ይችላል፤ "ጨጓራ አለብኝ" ማለት እንደ ሰላምታ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አጥንት ይሳሳል። መጠጥ ቶሎ ይሰክራል፤ ከባይፓስ በኋላ ባሉት ዓመታት በመጠጥ የሚጠመዱ ሰዎች ቁጥር ከፍ እንደሚል ታይቷል። አረቄና ጠላ በየቤቱ ለሚቀርብበት አገር ይህን ማስጠንቀቂያ በትልቁ መጻፍ ያስፈልጋል። ስለ አእምሮም ዝም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዩታ ጥናት ቀዶ ጥገና ያደረጉት በበሽታ የመሞታቸው ዕድል በብዙ ሲቀንስ፣ በአደጋና ራስን በማጥፋት የሚሞቱት ግን ከሌላው በ58 በመቶ ከፍ ብለው አግኝቷል። ሰው ቢከሳም የሚያስጨንቀው ነገር አብሮት አይከሳም።

ከሁሉም በላይ ግን ቫይታሚኑ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ተለይቶ እንዲመጠጥ የጨጓራ አሲድና ጨጓራ የሚያመነጨው ልዩ ፕሮቲን ያስፈልጉታል። ጨጓራ ሲቀነስ ወይም ሲታለፍ ይህ ይጎድላል። ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው። ክምችቱ ሲያልቅ ደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ችግር ይመጣል። አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስመልሰው ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 በፍጥነት ያልቅበትና አካሄዱና እይታው ሊዛባ፣ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። የደም ምርመራውም የዕድሜ ልክ ነው።

እዚህ ላይ ጾማችን ይመጣል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን ሁሉ የሚጾም ምዕመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከነዚህ ይርቃል። ጤነኛ ጨጓራ ያለው ሰው ይችለዋል። ጨጓራው ቱቦ ለሆነ ሰው ግን ጾሙና ቀዶ ጥገናው አንድ ጎተራ ከሁለት በኩል እንደመቅዳት ናቸው። እስከ ስድስት ሰዓት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ መቆየቱም አለ። ይህ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ውኃን በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ መጎንጨት ይጠበቅበታል፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት አይችልም። የመካነ ሰላም ሙስሊም ጎረቤት ረመዳንም በዚሁ ይታያል። ጾም ይቅር እያልን አይደለም፤ እሱ የእያንዳንዱና የንስሐ አባቱ ወይም የሼኹ ጉዳይ ነው። ኢስታንቡል ያለው ሐኪም ግን ስለ ሁዳዴ ካልተነገረው አይጠይቅም።

ማን ይከታተላል?

ውጭ አገር ሄዶ በሳምንት ውስጥ የሚመለስ ሰው ቀዶ ጥገናውን ይዞ ይመጣል፤ ክትትሉን ግን እዚያው ጥሎት ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ ላለው ሰው ነገሩ ይቃለል ይሆናል። ሰው ግን አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም። ሥራ ይቀይራል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ እናቱን ሊያስታምም ወደ አገሩ ይመለሳል። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካነ ሰላም የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ደሴ ይላካል። የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ አገልግሎት አቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ምን እንደገጠማቸው ያየ ሰው፣ ዕድሜ ልክ ክኒንና ምርመራ የሚፈልግ ሰውነት ይዞ እዚያ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ስለዚህ ለዘመዳችን የሰጠናት ወረቀት ላይ የጻፍነው ጥያቄ ስለ ዋጋ ወይም ስለ ጠባሳ አልነበረም። በስድስተኛው ወር፣ በሁለተኛው ዓመት፣ በአምስተኛው ዓመት ደሜን ማን ያየዋል? ወረቀቱን በየትኛው ቋንቋ ይሰጡኛል? ቢያስመልሰኝ የምደውልለት አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ማነው? ስኳርና ደም ግፊት ሳይኖርባት ለሠርግ ብላ የምታደርገውና ኢንሱሊን እየወጋች በጉልበቷ መራመድ ያቃታት ሴት የምታደርገው አንድ አይደለም። ለሁለተኛዋ ሚዛኑ በእርግጥ ወደ ቀዶ ጥገናው ሊያዘነብል ይችላል። ዘመዳችን በሁለቱ መካከል ናት፤ ስኳሯ ተጀምሯል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ገና ልጅ መውለድ ስለምትፈልግ። ስዊድኖች ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተረገዙ 596 እርግዝናዎችን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2015 አወጡት። እናቶቹን በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው ስኳር የያዛቸው ከ2 በመቶ በታች ነበር፤ ቀዶ ጥገና ያላደረጉት ወፍራም እናቶች ዘንድ ግን 7 በመቶ ገደማ ነው። በሌላ በኩል ከዕድሜው አንሶ የተወለደ ሕፃን 15.6 በመቶ ሆነ፤ ካላደረጉት እናቶች 7.6 በመቶ። ማህፀን ውስጥ ያለው ልጅ የእናቱ ሆድ በምርጫ ይሁን በድርቅ እንደጎደለ አያውቅም። ሐኪሞች ክብደቱ እስኪረጋ ከ12 እስከ 18 ወር ሳታረግዢ ቆዪ የሚሉት ለዚህ ነው። እነዚያ የስዊድን ልጆች ገና እያደጉ ናቸው፤ ስማቸውም መዝገብ ላይ አለ።